ፍጥነቱ 100፣ ጌሙ ግን ይንቀረፈፋል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚጋሩት ቅሬታ አለ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና እጅ ላይ ያለው ዕቃ አልተገናኙም። የጌሙን አስቀድመነዋል፤ ብዙ ሰው የጠየቀው እሱን ነውና።

ጥያቄ፦ የኢንተርኔት ፍጥነቴን ስለካው 100 ሜጋቢት ያሳያል። የተኩስ ጌም ስጫወት ግን ተቃራኒዎቼ ከቦታ ቦታ እየዘለሉ ይታያሉ። መታሁት ያልኩት ሰው ቀድሞ ገድሎኛል። ማታ ማታ ደግሞ ይብሳል። ራውተር ልቀይር ወይስ ኮምፒውተር? (ቶሎ ቶሎ የሚሞተው)

መልስ፦ ምንም ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይለዩ። ማውዙን ሲያዞሩ የራስዎ እይታ ከተቆራረጠ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ወይም ግራፊክስ ካርዱ አልቻለም። የራስዎ እይታ ሳይንገጫገጭ እየዞረ ሌሎቹ ብቻ የሚዘሉ ከሆነ ግን ኔትወርኩ ነው። የጻፉልን ሁለተኛውን ይመስላል።

100 ሜጋቢት የሚለው ቁጥር የሚናገረው በአንድ ሰከንድ ምን ያህል ዳታ እንደሚያልፍ ነው። ጌም ብዙ ዳታ አይፈልግም፤ የአብዛኞቹ የተኩስ ጌሞች ፍሰት ከ1 ሜጋቢት በታች ነው። የሚፈልገው ትንንሽ ፓኬቶቹ (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክባቸው ቁራጮች) ሳይዘገዩ፣ በእኩል ልዩነት እንዲደርሱለት ነው። ፒንግ የምንለው የዚያን ጉዞ የደርሶ መልስ ጊዜ ነው፤ በሚሊሰከንድ ይለካል።

አሁን ይፈትሹት። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን ሁለት ጊዜ ይክፈቱ። በአንደኛው መስኮት በእንግሊዝኛ ፊደል ፒንግ ብለው ይጻፉ፤ ክፍተት ትተው የራውተርዎን አድራሻ ያስገቡ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው)፤ ከዚያ እንደገና ክፍተት፣ ሰረዝና ቲ። በሁለተኛው መስኮት ያንኑ ይድገሙና አድራሻውን 8.8.8.8 ያድርጉት (ከቤትዎ ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨር ነው)። ሁለቱም በየሰከንዱ አንድ መስመር እየጻፉ ይቀጥላሉ። አሁን ከስልክዎ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ክላውድ መጫን ይጀምሩና መስኮቶቹን ይመልከቱ።

የራውተሩ መስኮት ራሱ ከ2 እና ከ3 ሚሊሰከንድ ተነስቶ 80፣ 150 ካለ፣ አልፎም «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» ማለት ከጀመረ፣ ችግሩ በእርስዎና በራውተሩ መካከል ነው፤ ዋይፋዩ ማለት ነው። በ2.4 ጊጋሄርዝ ላይ አንዱ አንዱን ሳይነካ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት ቻናሎች ሦስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ጎረቤቱ ሁሉ እነዚያው ላይ ሰፍሯል፤ ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በዚሁ ሰፈር ነው። ወደ 5 ጊጋሄርዝ ይሻገሩ፤ ግድግዳ ሲበዛበት ግን ይደክማል። ከሁሉ የሚሻለው ኬብል ነው። ካት 5ኢ የሚባለው ተራ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት ያደርሳል፤ እስከ ራውተሩ ያለው ፒንግም ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይወርዳል። «ለጌመሮች» ተብሎ ባለ ስምንት አንቴና የሚሸጠው ራውተር ይህን ኬብል አይተካውም።

የራውተሩ መስኮት ረግቶ የ8.8.8.8ቱ ብቻ ከ40 ወደ 600 ከዘለለ ግን የችግሩ ስም ቡፈርብሎት ነው፤ የወረፋ መጨናነቅ እንደ ማለት። ማታ የሚብሰውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ስልኩን ከዋይፋይ ጋር አገናኝቶ የቀኑን ፎቶ የሚጭነው ያኔ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው። ወደ ውጭ የሚልኩበት ፍጥነት 5 ሜጋቢት ነው እንበል፤ ማውረጃው 100 ሆነ ማለት መጫኛውም 100 ነው ማለት አይደለም። ሞደሙ (ቤትዎን ከኢንተርኔት አቅራቢው ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) ማሳለፍ ያቃተውን ፓኬት አይጥለውም፤ 1 ሜጋባይት በሚይዝ ማቆያ ውስጥ ያሰልፈዋል። 1 ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ነው። 8 ለ5 ሲካፈል 1.6 ሰከንድ ይሆናል። ቪዲዮው ማቆያውን ሞልቶት ሳለ ጥይትዎን የያዘችው ትንሽ ፓኬት ብትደርስ፣ ከወረፋው ጭራ ቆማ 1.6 ሰከንድ ትጠብቃለች። ተራዋ ሲደርስ እርስዎ ሞተዋል።

መፍትሔው ራውተሩ ላይ ኤስኪውኤም የሚባለውን የወረፋ አስተዳዳሪ አብርቶ ገደቡን ከተለካው ፍጥነት 85 እስከ 90 በመቶ ላይ ማድረግ ነው። ያኔ ወረፋው ከሞደሙ ወጥቶ ራውተሩ ውስጥ ይሆናል። ራውተሩ ደግሞ ሞደሙ የማያውቀውን ሥርዓት ያውቃል፤ ትንሿን ያሳልፋል፣ ትልቁን ያስጠብቃል። ኦፕን ደብልዩአርቲ የሚባለው ነጻ የራውተር ሶፍትዌር የተጫነበት ራውተር ካለዎት ኬክ የሚለውን አሠራር ይምረጡ። ከፍጥነትዎ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል፤ ይቅርብዎ። ራውተርዎ ይህ ሁሉ ከሌለው የክላውድ ባክአፑን የመጫኛ ፍጥነት ከራሱ ሴቲንግ ይገድቡት፣ ወይም ሰው ሲተኛ እንዲሠራ ያድርጉት።

ርቀት ግን በምንም አይስተካከልም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 5,000 ኪሎ ሜትር የራቀ ሰርቨር ደርሶ ለመመለስ ከ50 ሚሊሰከንድ ያነሰ አይቻልም፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ደግሞ በተግባር ከዚያ ይበልጣል። ዲኤንኤስ (የሰርቨርን ስም ወደ አድራሻ የሚለውጠውን አገልግሎት) መቀየር የሚረዳው የሰርቨሩ ስም ሲፈለግ ነው፤ ጨዋታው አንዴ ከተጀመረ ምንም አይጨምርም። ከጌሙ ሴቲንግ ሪጅኑን (የሰርቨሩን አካባቢ) ወደ ቅርቡ ይቀይሩና የቀረውን ለኤስኪውኤም ይተዉት።

ጥያቄ፦ 144 ሄርዝ ሞኒተር ገዛሁ። ከድሮው ባለ 60 ሄርዝ ምንም ልዩነት አልታየኝም። ዓይኔ ይሆን?

መልስ፦ ዓይንዎ ደህና ነው። ዊንዶውስ አዲስ ሞኒተር ሲሰካበት ብዙ ጊዜ 60 ላይ ይተወዋል። ከሴቲንግስ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብተው ሪፍሬሽ ሬቱን (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) 144 ያድርጉት። ዝርዝሩ ውስጥ 144 ከሌለ በዲስፕሌይፖርት ኬብል ይሞክሩ። ኬብሉ የት እንደተሰካም ይመልከቱ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ የስክሪን መሰኪያ በሁለት ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ያለው የማዘርቦርዱ ነው፣ ዝቅ ብሎ በአግድም የተደረደረው የግራፊክስ ካርዱ። ላይኛው ላይ ሰክተውት ከሆነ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጡበት ካርድ ሥራ ፈት ተቀምጧል። ጌሙ ራሱ በሰከንድ 70 ምስል ብቻ የሚያወጣ ከሆነም 144 ሄርዙ 70ውን ከማሳየት በቀር ምን ያደርጋል?

ወደ 240 ልሂድ ወይ ለሚሉ፦ በ60 አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ በ144 6.9፣ በ240 4.2። የመጀመሪያው ዝላይ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ያተርፋል፤ ሁለተኛው 3 እንኳ አይሞላም። ለውድድር የማይጫወት ሰው ገንዘቡን ቢይዝ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ከተከፈተ በኋላ ለሥራ እስኪደርስ 5 ደቂቃ ይፈጃል። ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት አሳደግኩት፤ ያው ነው። ልጣለው? (ትዕግሥቱ ያለቀበት)

መልስ፦ አይጣሉት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና ፐርፎርማንስ ከሚለው ውስጥ ዲስኩን ይምረጡ። አክቲቭ ታይም 100 በመቶ ሆኖ የንባብ ፍጥነቱ 1 ወይም 2 ሜጋባይት ብቻ ከሆነ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው ያለዎት። ዲስኩ አልሰነፈም፤ እየሮጠ ነው፣ ግን የሚሮጠው ፍለጋ ላይ ነው።

የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ሳህን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ነው። የተፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ያስፈልጋል፤ ክንዱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ ደግሞ ሌላ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ። ይህ በሰከንድ 60 ያህል ንባብ ይሆናል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚፈልጋቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ቁርጥራጮች ናቸው። እያንዳንዳቸው 4 ኪሎባይት ቢሆኑ 60 ሲባዛ በ4፣ በሰከንድ 240 ኪሎባይት። ራም የሚረዳው አንዴ የተነበበውን በማቆየት ነው፤ የመጀመሪያውን ንባብ አያስቀርልዎትም። ኤስኤስዲ (ዳታን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ) ግን የሚዞር ነገር ስለሌለው አንዱን ቁራጭ ከሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያቀርባል። (የጨመሩት ራም አልባከነም። ብራውዘር ላይ ሠላሳ ታብ ሲከፍቱ ያመሰግኑታል።)

ኤስኤስዲ ሲገዙ 2.5 ኢንች፣ ሳታ (የተለመደው የዲስክ መሰኪያ)፣ 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። ላፕቶፕዎ ኤም.2 የሚባለው፣ ቀጭን ካርድ የሚገባበት መሰኪያ ካለውም ይቻላል፤ ግን ሳታ ኤም.2 እና ኤንቪኤምኢ ኤም.2 መልካቸው ተቀራራቢ ነው፣ አንዱ በሌላው ቦታ ላይሠራ ይችላል። በጥርሶቹ መሐል ያለውን ክፍተት ቆጥሮ መለየት ያሳስታል፤ የላፕቶፑን ማኑዋል ማየት ይሻላል። ሳታው በሰከንድ 550 ሜጋባይት፣ ኤንቪኤምኢው 3,500 ይላል ብለው አይጨነቁ። ለጽሑፍ፣ ለብራውዘርና ለአብዛኛው ጌም ልዩነቱን በጨለማ ቢሰጡዎት አይለዩትም። ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ ሲሻገሩ ግን ወዲያው ያውቁታል።

ክሎን ከማድረግዎ (የድሮውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ከመገልበጥዎ) በፊት ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም አስጭነው የድሮውን ዲስክ ጤና ያንብቡ። ሪአሎኬትድ ሴክተርስ እና ከረንት ፔንዲንግ ሴክተርስ የሚሉት (የተበላሹና የተጠረጠሩ የዲስኩ ቦታዎች ብዛት) ዋጋ ዜሮ ካልሆነ ክሎኑን ይተዉት፤ በመጀመሪያ ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፣ ከዚያ አዲሱ ላይ ዊንዶውስን ከባዶ ይጫኑ። ሊሞት የተቃረበ ዲስክን ለረጅም ሰዓት ያለ እረፍት ማስነበብ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ቢትሎከርን (የዊንዶውስን የዲስክ መቆለፊያ) ያጥፉ፣ ቢያንስ የመክፈቻ ቁልፉን ጽፈው ይያዙ። አዲሱን ኤስኤስዲ ሳታን ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ገመድ ያገናኙና ክሎኑን ያስጀምሩ። 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ 180 ብቻ ከተያዘ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይበቃል፤ ክሎን የሚያደርገው ፕሮግራም ክፍልፋዮቹን ማሳነስ መቻሉን ግን ያረጋግጡ። ሲጨርስ ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ የባትሪውን ገመድ ይፍቱ፣ ዲስኩን ይቀይሩ። መጀመሪያ ሲያስነሱት የድሮው ዲስክ በዩኤስቢ ተሰክቶ አይቆይ፤ ሁለቱም አንድ መታወቂያ ስለያዙ ዊንዶውስ ይደናገራል። የሚነሳበት ዲስክ የለም ካለዎት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ ይግቡ። ኤምቢአርና ጂፒቲ ዲስክ የሚከፋፈልባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፤ የድሮው በኤምቢአር የተከፋፈለ ከነበረ የማስነሻ ምርጫው ሌጋሲ ላይ፣ በጂፒቲ ከነበረ ዩኢኤፍአይ ላይ መሆን አለበት። ከዚያ ወዲያ ዲፍራግ የሚያደርግ (የተበታተነ ፋይልን የሚሰበስብ) ፕሮግራም አይጫኑበት፤ ለኤስኤስዲ የሚያስፈልገውን ትሪም (የተሰረዘ ፋይል የነበረበትን ቦታ የማስለቀቅ ሥራ) ዊንዶውስ ራሱ ይሠራል። የድሮውን ዲስክ ለሁለት ሳምንት ሳይነኩት ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ 2 ቴራባይት የሚል ፍላሽ በርካሽ አገኘሁ። ኮምፒውተሩም 2 ቴራባይት ብሎ ያነበዋል። የጫንኳቸው ፊልሞች ግን ስማቸው ይታያል እንጂ አይከፈቱም።

መልስ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ውስጡ ያለው ሜሞሪ 32 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። መቆጣጠሪያ ቺፑ ግን ሲጠየቅ 2 ቴራባይት ብሎ እንዲመልስ ተደርጎ ተሠርቷል። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር የሚጻፈው መጀመሪያው አካባቢ ስለሆነ በትክክል ይቀመጣል። ይዘታቸው ግን እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ አንዱ በሌላው ላይ ይጻፋል፣ ወይም የትም ሳይጻፍ «ተጠናቀቀ» ይባላል። ለዚህ ነው ስማቸው ቀርቶ እነሱ የሌሉት።

ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ኤፍ3 የሚባሉት ፕሮግራሞች ፍላሹን ሙሉ በሙሉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ጊዜ ይወስዳል፤ በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ለመሙላት ብቻ 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ፎርማት ማድረግ ምንም አያስተካክልም። ይመልሱት።

ይህን ከሌላ ነገር ጋር ግን አያምታቱ። 1 ቴራባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ቢያሳይ አልተጭበረበሩም፤ አምራቹ ጊጋባይትን በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024። ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ፋይል አልገባ ካለዎትም ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው የፋይል አደራደር ስለሆነ ነው። ያለውን ዳታ ወደ ሌላ ቦታ አውጥተው ወደ ኤክስፋት ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ሚሞች ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞሩ ለምን እየተበላሹ ይሄዳሉ? ዲጂታል ኮፒ አይደበዝዝም ይባል የለም እንዴ? እግረ መንገዴን፣ ትክክለኛው ጂፍ ነው ጊፍ?

መልስ፦ ኮፒ አይደበዝዝም፤ የሚዞረው ግን ኮፒ አይደለም። እዚያው አፕ ውስጥ ፎርዋርድ ማድረግ ብዙ ጊዜ አይጎዳውም። የሚያኮሰምነው ስክሪን ሾት አንስቶ፣ ዳር ዳሩን ቆርጦ፣ ወደ ሌላ አፕ መውሰድ ነው። አዲሱ አፕ ምስሉን ያሳንስና በጄፔግ እንደገና ያምቀዋል።

ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ካሬዎች ይቆርጠዋል። በየካሬው ቀስ ብሎ የሚለወጠውን ጥላ አጥብቆ ይይዛል፤ ቶሎ ቶሎ የሚፈራረቀውን ዝርዝር ግን ያጠጋጋዋል፣ አብዛኛውንም ዜሮ ያደርገዋል። ቀለሙን ደግሞ ብዙ ጊዜ በቁመትም በወርድም በግማሽ ጥራት ነው የሚያስቀምጠው። ለሰማይና ለፊት ይህ አይታወቅም። ነጭ ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊደል ግን በአንድ ፒክስል ከጥቁር ወደ ነጭ ይዘላል፤ ዝርዝሩ ሲጣል በፊደሉ ዙሪያ ትንኝ የመሰለ ግራጫ ይበተናል። በሚቀጥለው ዙር ምስሉ ስለተቆረጠ አዲሶቹ ካሬዎች በድሮዎቹ ላይ አያርፉም። ትንኞቹ ራሳቸው የምስሉ አካል ተብለው ይታመቃሉ፣ ሌላ ትንኝም ይፈለፍላሉ። ቀይ ጽሑፍ ከሁሉ ቀድሞ ይፈርሳል፤ መለያው ያለው ጥራቱ በተቀነሰው ቀለም ውስጥ ነውና። ሆን ብለው ደጋግመው አምቀው ይህን ፍርስራሽ ራሱን ቀልድ ያደረጉም አሉ፤ አንዳንዱ ያስቃል።

ጽሑፍ ያለበትን ስክሪን ሾት በፒኤንጂ ይተዉት፤ ፒኤንጂ ምንም አይጥልም። ሲልኩትም በፎቶ ፋንታ በፋይል ወይም በዶክዩመንት መልክ ይላኩት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ ያ የተንቀሳቃሽ ምስል ፎርማት በእ.ኤ.አ. 1987 ከኮምፒዩሰርቭ ኩባንያ ሲወጣ ያዘጋጀው ስቲቭ ዊልሃይት ነበር፤ በ2013 አነባበቡ «ጂፍ» ነው ብሎ ቁርጡን ተናገረ፣ ግማሹ ዓለም አልሰማሁም አለ። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሦስቱን ፊደል አስቀምጦ ከክርክሩ ያመልጣል። በአማርኛ ግን ገና የመጀመሪያውን ፊደል ስንጽፍ ጎራችን ይታወቃል። እኛ ከአባቱ ጎን ቆመናል፤ ጂፍ። ለማንኛውም በአንድ ምስል ከ256 ቀለም በላይ ስለማይችልና ፋይሉ ስለሚከብድ፣ ብዙ ድረ ገጾች ላይ ጂፍ ብለን የምንልከው ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ነው።

ጥያቄ፦ ሰዎች ዱም የሚባለውን የድሮ የተኩስ ጌም በካልኩሌተር፣ በፕሪንተር፣ በፍሪጅ ላይ ሲያስነሱት አያለሁ። ለምን እሱ? እኔስ ልሞክረው እችላለሁ?

መልስ፦ ዱም በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1993 ሲወጣ የጠየቀው 386 ፕሮሰሰርና 4 ሜጋባይት ራም ነበር። ምስሉ 320 በ200 ፒክስል፣ በ256 ቀለም ነው፤ አንድ ሙሉ ስክሪን 64,000 ባይት ብቻ ይይዛል። ይህን ዛሬ የአንድ ርካሽ ዕቃ መቆጣጠሪያ ቺፕ ይችለዋል። ቁልፉ ግን ሌላ ነው፤ የጌሙ አዘጋጅ አይዲ ሶፍትዌር በ1997 ምንጭ ኮዱን ለቀቀው። በብዛት የተጻፈው በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ስክሪን፣ ድምፅና ቁልፍ የሚነኩት ክፍሎችም ከቀሪው ተለይተው ተቀምጠዋል። ወደ አዲስ መሣሪያ የሚያዛውረው ሰው እነዚያን ጥቂት ፋይሎች ጽፎ ቀሪውን እንዳለ ይወስደዋል።

የሚያዩትን ሁሉ ግን አይመኑ። በ2020 ብዙ የተወራለት በእርግዝና መመርመሪያ ላይ የታየው ዱም ስክሪኑም ቺፑም በሌላ ተተክቶ ነው የሠራው፤ ከመመርመሪያው የቀረው የፕላስቲክ ቅርፊቱ ነበር። ስሌቱን ራሱ መሣሪያው ሲሠራ አንድ ነገር ነው፣ ከጎን ያለ ኮምፒውተር ሠርቶ ምስሉን ሲልክለት ሌላ።

ለመሞከር ኮድ መጻፍ አያስፈልግዎትም። ቾኮሌት ዱም የሚባለውን ያውርዱ፤ የጥንቱን አሠራር ከነጉድለቱ የሚጠብቅ ነው። እሱ ብቻውን አይነሳም፤ ሥዕሉ፣ ድምፁና ደረጃዎቹ ያሉት ዋድ በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። ኮዱ ነጻ ቢሆንም የሙሉው ጌም ዋድ ነጻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 9 ደረጃዎች ያሉበት የሼርዌሩ (ለሙከራ የተሰጠው ክፍል) ዋድ ግን በነጻ ይሰራጫል። እሱን ቾኮሌት ዱም ካለበት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡትና ያስነሱት። ዋድ አላገኘሁም ካለዎት የፋይሉ ስም ተቀይሮ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ሁለት ጊዜ ሲያወርዱ ብራውዘሩ ከስሙ ጎን በቅንፍ 1 ይጨምርበታል።